አድራጊው ማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በአንድ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ወደቀ እንበል። እናት ከጓዳ ሆና «ምንድን ነው የጮኸው?» ብትል ከመካከላችን «ሰበርሁት» ብሎ የሚመልስ ስንት ነው? «ተሰበረብኝ» እንላለን እንጂ። ብርጭቆው ራሱ ተነሥቶ፣ ራሱ ወድቆ፣ ራሱ ተሰብሮ፣ በዚያም ላይ እኛን የበደለን ይመስላል። ስንዘገይ «መሸብኝ» ነው፤ ከቅዳሴ ስንቀር «እንቅልፍ ጣለኝ» ነው፤ ፈተና ስንወድቅ «ፈተናው ከበደብኝ» ነው፤ ከባልንጀራ ስንጣላ «ሰይጣን በመካከላችን ገባ» ነው። ምንም ሰበብ ስናጣ ደግሞ «እድሌ ነው፤ የግንባሬ ጽሑፍ ነው» ብለን እንዘጋዋለን። ይህን የምለው ቋንቋችንን ለመውቀስ አይደለም። «ብኝ» የምትለው ቅጥያ በእውነት ለተጎዳ ሰው የተሰጠች ናት፤ እናቱ ያረፈችበት ልጅ «ሞተችብኝ» ሲል እውነቱን ነው፤ ከዚያ የተሻለ ቃልም የለውም። ክፋቱ አድራጊው ራሱ ተደራጊ መስሎ ሲሸሸግባት ነው።

አረጋውያን ግን ሌላ ቃል አላቸው። አስደንጋጭ ነገር ሲሰሙ «አበስኩ ገበርኩ!» ይላሉ። ብዙዎቻችን ይህን የምንሰማው እንደ ድንጋጤ ድምፅ ብቻ ነው። ግእዙን ፈትተን ብናየው ግን «በደልሁ፣ አደረግሁ» ማለት ነው። ሁለት ግሦች ናቸው፤ ሁለቱም በአንደኛ መደብ፣ ሁለቱም በነጠላ ቍጥር። አረጋዊቷ የሰሙት የሌላ ሰው ኃጢአት ሆኖ ሳለ መጀመሪያ ከአፋቸው የሚወጣው የራሳቸው መሆኑ አያስደንቅምን? እንግዲህ የዛሬው ጽሑፌ ነገር ይህ ነው፤ «ተደረገ» ከሚለው ተነሥቶ «አደረግሁ» ወደሚለው መድረስ ስለ ምን ይህን ያህል ከበደን?

አዳም በሔዋን፣ ሔዋንም በእባብ ማመካኘታቸውን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተምረነዋልና አልደግመውም። እኔን ይልቅ የሚገርመኝ የካህኑ የአሮን ነገር ነው። ሙሴ በተራራው ላይ በዘገየ ጊዜ ሕዝቡ ተሰብስበው አምላክ ሥራልን አሉት። እርሱም የወርቅ ጉትቻቸውን አስወልቆ ተቀበለ፤ በመቅረጫ ቀረጸው፤ ጥጃ አደረገው፤ መሠዊያ ሠራለት፤ የበዓል ዐዋጅ አስነገረ። ይህ ሁሉ የአሮን እጅና የአሮን አፍ ሥራ መሆኑን መጽሐፉ በግልጥ ይነግረናል። ሙሴ ወርዶ በጠየቀው ጊዜ ግን መልሱ ምን ሆነ? አንደኛ፣ ሕዝቡ ክፉ መሆኑን አንተ ታውቃለህ አለው። ሁለተኛ፣ ወርቁን ሰጡኝ፣ እኔም እሳት ውስጥ ጣልሁት፣ ከዚያ ይህ ጥጃ ወጣ አለው (ዘፀ. 32፥22-24)። ወጣ! መቅረጫ የያዘው እጅ ከታሪኩ ውስጥ ጠፋ። እሳቱ ጥጃ ወለደ። ይህን ባነበብሁ ቍጥር ሙሴ በዚያች ሰዓት ምን ዓይነት ፊት እንደ ነበረው አስባለሁ።

ሳኦልም እንዲሁ ነው። ከአማሌቅ ጦርነት በኋላ ምርጥ ምርጡን በግና በሬ አስቀርቶ፣ ነቢዩ ሳሙኤል ሲጠይቀው ይህን ያደረገው ሕዝቡ ነው አለ፤ በዚያው ሰዓት በጎቹ ከበስተኋላው ይጮኹ ነበር (1ኛ ሳሙ. 15)። ኋላ ሲጨንቀው በደልሁ ማለቱ አልቀረም፤ ነገር ግን ወዲያው ሕዝቡን ፈርቼ ነው የሚል ጨመረበት፤ በሽማግሌዎች ፊት አክብረኝ ብሎም ለመነ። ዳዊት ግን ናታን በመጣበት ጊዜ በደሉን ባመነባት በዚያች አጭር ቃል ውስጥ «ምክንያቱም» የሚል አልነበረባትም (2ኛ ሳሙ. 12፥13)።

«ሰይጣን አሳሳተኝ» የሚለው ሰበብ ደግሞ ለእኛ ለቤተ ክርስቲያን ልጆች ይበልጥ ይመቸናል፤ መንፈሳዊ ይመስላልና። ሰይጣን እንደሚፈትን ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች፤ እጅ ይዞ ግድ እንደሚያሠራ ግን አታስተምርም። ሐዋርያው ያዕቆብም ሰው የሚፈተነው በራሱ ምኞት ሲሳብ እንደ ሆነ ጽፎልናል (ያዕ. 1፥14)።

ልብ ብላችሁ ከሆነ አሮንም ሳኦልም የተሸሸጉት በአንድ ቦታ ነው፤ «ሕዝቡ» በሚለው ቃል ውስጥ። እኔም ወደ ዋናው ነገሬ የምገባው በዚሁ በር ነው፤ ለዚህም ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ዓርብ ዕለት በሞጣ ከተማ መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊም ወገኖቻችን ሱቆች ተዘረፉ፣ ጋዩ። ከዚያ አስቀድሞ በከተማው በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን እሳት ታየ የሚል ወሬ ተሰምቶ ነበር። የነገሩ ዜና በአገሪቱ ሁሉ ተሰማ፤ ብዙ ሰው አዘነ፤ መንግሥትም አወገዘ። በዚያን ጊዜ ይህን ጽሑፍ ከምታነቡት ብዙዎቻችሁ ገና ልጆች ነበራችሁ። «ታዲያ ያለፈውን ምን አስነሣህ? ቁስሉን ለምን ትነካካለህ?» የሚለኝ ይኖራል። የማነሣው ነገሩ የተነገረበት ግሥ ዛሬም አድራጊ ስለሌለው ነው። «ተቃጠሉ»፣ «ተዘረፉ»። ክብሪት ግን ራሱን አይጭርም። ሱቅም ቍልፉን ራሱ አይሰብርም። ጆንያም ራሱን ተሸክሞ ወደ ሰው ቤት አይገባም።

እንዲህ ያለ ነገር በተፈጸመ ማግስት በአገራችን የሚሰማው ንግግር የታወቀ ነው። «ጸጉረ ልውጦች ናቸው» ይባላል። ምናልባት ከሌላ ቦታ የመጣ ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን ጸጉረ ልውጥ የየትኛው ሱቅ ባለቤት ሙስሊም እንደ ሆነ እንዴት ያውቃል? አንድ የሚያሳየው ጸጉረ ቤተኛ ያስፈልገዋል። «ሕዝቡ ተቆጥቶ ነው» ይባላል። ሕዝብ እጅ የለውም፤ እጅ ያለው ሰው ነው። «ወጣቱ ስሜታዊ ሆኖ ነው» ይባላል። ይህ የመጨረሻው በጣም ያሳዝነኛል፤ ለእኛ የተዘጋጀ ሰበብ ነውና። ሃያ ዓመት የሞላውን ሰው «ስሜታዊ ሆኖ ነው» ብሎ ማሳለፍ ማክበር ነው ወይስ መናቅ? ለድቁና፣ ለጋብቻ፣ ለእርሻ፣ ለውትድርና የደረሰ ሰው ለገዛ እጁ ሥራ መልስ ለመስጠት አልደረሰም ማለት ነውን?

በአንጻሩ ደግሞ መጠንቀቅ አለብን። «የሞጣ ወጣት አቃጠለ» ማለትም ሐሰት ነው። እስራኤል ተማርከው በባቢሎን ሳሉ፣ የአባቶቻቸው ጥፋት በእነርሱ ላይ እንደ ወደቀ፣ ሌላው በበላው የእነርሱ ጥርስ እንደ ጠረሰ የሚያወሩበት አንድ ተረት ነበራቸው። እግዚአብሔር ግን በነቢዩ በሕዝቅኤል አፍ ይህን ተረት ከእንግዲህ እንዳይናገሩት ከለከላቸው፤ ልጅ በአባቱ፣ አባትም በልጁ በደል እንደማይጠየቅ አስታወቀ (ሕዝ. 18)። ይህ ምዕራፍ ሁለት ስለት ያለው ነው። ያላደረገውን ሰው ነጻ ያወጣል፤ ያደረገውን ግን ከሕዝቡ መካከል ነጥሎ ብቻውን ያቆመዋል። በዚያን ዕለት የለኮሰ አለ። ያልለኮሰ ግን የተሸከመ አለ። ያልተሸከመ ግን ወሬውን ሳያጣራ በስልኩ ያስተላለፈ አለ። ቆሞ ያየ አለ፤ ከቤቱ ያልወጣም አለ። እነዚህ ሁሉ አንድ ዕዳ የለባቸውም። «ሁላችንም ጥፋተኞች ነን» የሚለው ንግግር ትሕትና ይመስላል፤ ነገር ግን ለለኮሰው ሰው እጅግ ይመቸዋል፤ ዕዳው ለሺህ ሰው ሲከፋፈል ለእርሱ የሚደርሰው ሳንቲም ነውና።

ከዚህም ሌላ አንድ ነገር አለ፤ እኔ ከሁሉ ይበልጥ የሚከብደኝ ይኸው ነው። «እኔ» የምትለውን ቃል የጣለ ሰው «እርሱ» የምትለውንም አብሮ ይጥላል። ትናንት ስኳርና ዘይት በዱቤ የሰጠው፣ ስሙን የሚያውቀው፣ ልጆቹን የሚያውቃቸው ባለሱቅ በአንድ ሰዓት ውስጥ «እነሱ» ይሆንበታል። አንድ ሰው አደረገው ተብሎ በተወራ ነገር ስሙ እንኳ ያልተነሣው ሰው ይከፍላል። እንግዲህ ሕዝቅኤል የከለከለው ተረት ይህ አይደለምን? ራሱን በሕዝብ ውስጥ የሸሸገ ሰው ጎረቤቱንም ሕዝብ እንጂ ሰው አድርጎ ሊያየው አይችልም። ስለ ቤተ ክርስቲያን ቀንቼ ነው የሚል ቢኖርም፣ ጌታ ስለ እርሱ ሰይፍ የመዘዘውን ጴጥሮስን ምን እንዳለው፣ የተቆረጠውንም የማልኮስን ጆሮ ምን እንዳደረገው አብረን ተምረናል።

የቢቸና አንባቢ ሆይ፣ «ይህ የሞጣ ነገር ነው» ብለህ ገጹን እንዳትገለብጥ። ይህ በሽታ በአንድ ቀን አይጀምርም፤ ሥሩ ከዚያ በፊት ነው፤ ሥሩንም ከማየታችን በፊት መድኃኒቱ በአጠገብህ መኖሩን ልንገርህ። ከቢቸና ብዙ በማይርቀው በዲማ ጊዮርጊስና በሌሎቹ የጎጃም አድባራት የኖረውን የቅኔ ቤት ሥርዓት አስብ። የቅኔ ተማሪ ኮቾሮውን ለምኖ በልቶ፣ ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከጥግ ተቀምጦ ቅኔውን ይቈጥራል። መጀመሪያ ሁለት ቤት ብቻ ያላት ጉባኤ ቃና ናት፤ ከዚያ ዘአምላኪየ፣ ሚበዝሁ፣ ዋዜማ እያለ እስከ መወድስ ይወጣል። ቆጥሮ ሲጨርስ በመምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ መምህሩም ያርመዋል፣ ይጥልበታል፣ ወይም ይቀበለዋል። በዚህ ቤት የባልንጀራ ቅኔ ይዞ መቅረብ አይታሰብም። የራሱንም ቢሆን የትናንቱን ዛሬ ይዞ አይቀርብም፤ ቅኔ አይደገምምና። መጥፎም ቢሆን የእርሱ መሆን አለበት። የቅኔ ቤት ቃል ራሱ ቅኔ ነው፤ በዚያ «ዘረፈ» ሲባል ከልቡ አፍልቆ ተቀኘ ማለት ነው። በገበያ «ዘረፈ» ሲባል ምን ማለት እንደ ሆነ ደግሞ ከላይ አይተናል።

ይህን ከእኛ ትምህርት ቤት ጋር አስተያዩት። ያልኋችሁ ሥር ይኸው ነው። በ2008 ዓ.ም. ብሔራዊው ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ ፈተናው እንዲራዘም ሆነ። ኩረጃውና ስርቆቱ አላቆም ሲል የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጠ። ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ። ይህን ቍጥር የተማሪ ስንፍና ብቻ አላመጣውም። መጽሐፍ ያልደረሰው፣ መምህር ያልነበረው፣ በጦርነት ምክንያት ትምህርቱ የተቋረጠበት ብዙ ነው፤ ይህን ሁሉ በተማሪው ጫንቃ ላይ የሚጭን ሰው ፍርደ ገምድል ነው። ነገር ግን ለዓመታት በየክፍሉ ምን ስናይ ነበር? «ተኮራረጅን» የምትባል ግሥ ነበረች። ማን ከማን? ሁሉም ከሁሉም። አንዱ የጻፈውን ሠላሳው ይጽፈዋል፤ ያ አንዱም ተሳስቶ ከሆነ ሠላሳው አብሮ ይሳሳታል፤ ለስሕተቱም ባለቤት የለውም። እንዲህ ለአሥራ ሁለት ዓመት ከብዙዎች መካከል ተሸሽጎ መልስ መስጠትን የለመደ ልጅ፣ አንድ ቀን ከብዙዎች መካከል ተሸሽጎ ድንጋይ መወርወር ቢቀለው ምን ይደንቃል? እኔ ሁለቱን ነገሮች ለይቼ ማየት አልችልም።

እዚህ ላይ አንድ ወጣት ተነሥቶ እንዲህ ቢለኝ ትክክል ነው፤ «ጦርነቱን እኔ አመጣሁት? ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን ይህን ያህል ትምህርት ቤት የተዘጋው በእኔ ነው? አባቴ መሬት ባይኖረው የእኔ ጥፋት ነው? ‹ሕይወትህን በራስህ እጅ ያዝ› የሚሉኝ ሁሉ እጄ ላይ ምን እንዳለ አይተዋል?» ይህ ጥያቄ በስብከት አይመለስም፤ በችኮላ የሚመልሰውንም አትስሙት።

የዲማን ስም ካነሣን ዘንድ ከዚያው ከተማሩት አንዱ የሆኑት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የበዛብህን ነገር አስታውሱ። ወላጆቹ በብጽዓት ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት ልጅ ነው። የተሳለው እርሱ አይደለም፤ የስእለቱ ሸክም ግን በእርሱ ሕይወት ላይ ነው። የብዙዎቻችን ኑሮ እንዲህ ነው። ሌላው በወሰነው እኛ እንኖራለን።

ለዚህ ጥያቄ ከሞጣ ወደ በጌምድር የሚሻገረውን የዓባይ መንገድ አመጣለሁ። ሰባራ ድልድይ የተባለው በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት የድንጋይ ድልድይ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞች የጠላት ጦር እንዳይሻገርበት መካከሉን አፈረሱት ይባላል። «ፈረሰብን» አይደለም፤ አፈረሱት። ዐውቀው፣ ዋጋውን ገምተው ያደረጉት ሥራ ነው፤ ማንም አይወቅሳቸውም። ጠላት ሄደ፤ ድልድዩ ግን ከ60 ዓመት በላይ እንደ ተሰበረ ቀረ። ከዚያ በኋላ የተወለደው ሁሉ የሚያገኘው ክፍተቱን ነው። ታማሚው፣ ነጋዴው፣ ለልቅሶ የሚሄደው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ በዚህም በዚያም አፋፍ የቆሙ ጠንካራ ሰዎች እየጎተቱ፣ ከሥሩ ዓባይ እየጮኸ ይሻገር ነበር።

እንግዲህ በዚያ አፋፍ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ነበሩ። አንዱ «ማን ሰበረው?» የሚል ነው፤ መልሱም የታወቀ ነው፤ ከቆሙትም ሰዎች አንዱም አልነበረበትም። ሁለተኛው «ገመዱን ማን ይያዝ?» የሚል ነው፤ የዚህ መልስ ከቆሙት ሰዎች በቀር ሌላ አልነበረም። «እኔ አልሰበርሁትም» ማለት እውነት ነው፤ ነገር ግን ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ አይሆንም። እኛም አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውን ስንጠየቅ የመጀመሪያውን እንመልሳለን። ትምህርት ቤቱን የዘጋው ሌላ ነው፤ በተዘጋበት ዓመት መጽሐፍ መክፈትና አለመክፈት፣ ለታናሽ እኅት ፊደል ማስቈጠርና አለማስቈጠር ግን የማን ነው? ወሬውን የፈጠረው ሌላ ነው፤ ማስተላለፊያውን የነካው ጣት ግን የማን ነው?

የድልድዩን ነገር በማማር ብቻ እንዳንተወው አንድ ነገር ልጨምር። ገመድ መያዝ መልካም ነው፤ ሦስት መንግሥታት እስኪፈራረቁ ድረስ ገመድ መያዝ ግን ያሳፍራል። እ.ኤ.አ. በ2001 ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ የሰዎቹን ፎቶግራፍ በመጽሔት ላይ አይቶ ተነሣ፤ በ2002ም ክፍተቱ ተሸፈነ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ጎርፍ ወሰደው፤ ኋላም ከፍ ብሎ ተንጠልጣይ ድልድይ ተዘረጋ። ስለ ሰውዬው እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ነገር ግን ያን ፎቶግራፍ ያየው ባዕድ ነው፤ ክፍተቱን ራሱን በዓይኑ ያየ የአገሩ ባለሥልጣንና ባለጸጋ ስንት ነበር?

ወደ ነገሬ ልመለስ። ከሕዝብ መካከል ወጥቶ «እኔ ነኝ» ማለት ቅጣት ብቻ የሚመስለን ከሆነ የሉቃስን ወንጌል ምዕራፍ 8ን እናንብብ። አሥራ ሁለት ዓመት ደም የፈሰሳት ሴት በግፊያው መካከል ከኋላ መጥታ የጌታን የልብሱን ጫፍ ነካች። ጌታም የነካው ማን እንደ ሆነ ጠየቀ። ጴጥሮስ በዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል ይህ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል አነጋገር መለሰ፤ የሚጋፋው ሕዝብ ነውና። ለጴጥሮስ የነካው «ሕዝቡ» ነው። ለጌታ ግን ሕዝብ አይነካም፤ አንዲት ሴት ነክታለች። ዐውቋት ሳለ ለምን ጠየቀ? ራስዋ ወጥታ እንድትናገር ነው። እየተንቀጠቀጠች ወጣች፤ በሁሉ ፊት ተናገረች፤ ያን ጊዜም ልጄ ተብላ ተጠራች። ተደብቃ ብትሄድ ድና ትሄድ ነበር፤ ይህ ስም ግን አይሰጣትም ነበር።

የንስሐም ሥርዓት እንዲህ ነው። በቅዳሴ ጊዜ በአንድ ድምፅ «እኛ» እያልን እንጸልያለን፤ በንስሐ አባት ፊት ግን ማንም በማኅበር አይቀርብም። ከጓደኛህ ጋር ሆነህ የሠራኸውን እንኳ ብቻህን ነው የምትናገረው፤ የጓደኛህን ድርሻ ብትጀምር ካህኑ «የራስህን ተናገር» ይልሃል። በዚያ ቦታ «ተሰበረብኝ» የሚል ቃል አይሠራም። የጠፋውም ልጅ ከእሪያዎቹ መካከል ሆኖ ወደ ልቡ ሲመለስ የረኀቡን ዓመት አላነሣም፤ ገንዘቡን አብረውት የበሉትን ሰዎችም አላነሣም። ይህን ሁሉ ማንሣት ይችል ነበር፤ ረኀቡ እውነተኛ ረኀብ ነበርና።

ንስሐ ደግሞ በቃል አያልቅም። ዘኬዎስ በጌታ ፊት የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። የኦሪቱ ሕግ ደግሞ የበደለ ሰው ኃጢአቱን ይናዘዝ፣ የወሰደውን በሙሉ ይመልስ፣ አምስተኛ እጅም ይጨምርበት ይላል (ዘኁ. 5፥7)። እንግዲህ በግልጥ ልናገር። ከ2012ቱ ታኅሣሥ ጀምሮ በአንድ ቤት ውስጥ ያለ ጣቃ፣ ወይም ስልክ፣ ወይም ሚዛን ቢኖር፣ ያ ቤት ጠበል የተረጨበት፣ ዝክር የሚዘከርበት ቤት ሊሆን ይችላል። ዕቃውን ያመጣው ልጅ ዛሬ አድጎ ትዳር ይዞ ይሆናል፤ ሚስቱም ከየት እንደ መጣ አታውቅ ይሆናል። ያ ሰው ይህን ገጽ ቢያነብ ከተማውን ሰብስቦ እንዲናገር አልለውም። ወደ ንስሐ አባቱ ይሂድ። ካህኑ ምሥጢር ጠባቂ ነው፤ የላኪውን ስም ሳይጠራ ዕቃውን ሊያደርስለት ይችላል። ዕቃው አልቆ ከሆነ ዋጋው አለ፤ አምስተኛው እጅ አለ፤ በአንድ ጊዜ ባይቻል በየወሩ ይቻላል።

ባለሱቁ ሞቶ፣ ወይም ከተማውን ለቆ ቢሄድስ? ኦሪት ይህንንም አስባበታለች፤ ዕዳው ለቅርብ ዘመዱ ይሰጥ ትላለች (ዘኁ. 5፥8)። ሞጣ ትንሽ ከተማ ናት፤ የማን ሱቅ የት እንደ ነበረ፣ ዘመዱም የት እንደሚኖር የማያውቅ የለም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።